ከሥራው የተረፈው ሳል

ልጅቷን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የሚከነክናት አንድ ነገር ነበር፤ ያልፈጠረችውን ውሸት ለሰው ሁሉ የምታወራው እሷ መሆኗ። «አባትሽ ምን ሆኖ ነው?» ሲሏት «ጉንፋን ይዞት» ማለት አለባት። ሦስት ዓመት የሚቆይ ጉንፋን የት አገር አለ? ሰው ግን ጨዋ ነውና «እግዜር ይማረው» ብሎ ያልፋል። እሷ ናት አንገቷን የምትደፋው።

እውነቱን የሰማችው ሐኪም ዘንድ አብራው ገብታ ነው። አባቷ ሃያ ዓመት ሙሉ ግራናይት ሲቆርጥ ኖሯል። የመቁረጫው ማሽን የውሃ ጎማ አለው፤ ውሃው ሲፈስ አቧራው አይነሳም። ግን ውሃው በእርሳስ የተሰመረውን መስመር ያጥበዋል፣ መስመሩ ከጠፋ ድንጋዩ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ አባቷ ጎማውን ዘግቶ በደረቁ ይቆርጥ ነበር። ማንም አላዘዘውም። እንዲያውም እንደሱ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ የለም ተብሎ ስም ያተረፈው በዚሁ ነው።

«ዶክተር፣ ሥራውን ከተውኩ እኮ ስድስት ወር አለፈኝ» ብሎ ነበር ያኔ።

«እርስዎ ትተውታል፤ አቧራው ግን ሳንባዎ ውስጥ ነው። እዚያው ሆኖ እንደ ቁስል ያስቆጣዋል። እናስታግስልዎታለን፣ አቧራውን ማውጣት ግን አንችልም።»

ኮሪደሩ ላይ አባቷ ክንዷን ያዘና «ጉንፋን ነው በይ። በተለይ ለአጎትሽ» አላት።

አጎቷ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። ሙያውን ያስተማረው አባቷ ነው፤ አጎቷ ዛሬም አባቷ ይሠራበት በነበረው ቦታ ድንጋይ ይቆርጣል።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ በቀጥታ መጣ። ጆሮው ውስጥ ሳይቀር በአቧራ ነጭ ነው። አባቷ አልጋው ላይ ሦስት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከተኛ አየር ያጥረዋል።

«ጋሼ፣ ዛሬም ጉንፋን? እኔ ብሆን የቤት ኪራይ አስከፍለው ነበር።»

አባቷ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉ ሲያባራ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ልጅቷ ውሃ አቀበለችው። አጎቷም ሳለ። አጭር፣ ደረቅ፣ ሁለቴ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችው። የአባቷም ሲጀምር እንዲሁ ነበር።

«በል እንግዲህ፣ እኔም ላይ አጋባህብኝ» አለ አጎቷ። «ሰሞኑን ደረጃ ስወጣ እንደ ሽማግሌ ቆም ቆም እላለሁ። ያንተው ጉንፋን ነው።»

አባቷ ብርድ ልብሱን አየ። «ያልፍልሃል» አለ።

ልጅቷ ጠበቀችው። ቀና ብሎ አያትና ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፣ እንዳትናገሪ ማለቱ ነው።

«አጎቴ፣ ጉንፋን አይደለም» አለች። «የድንጋዩ አቧራ ነው። ሐኪሙ ሲናገር ሰምቻለሁ። ሥራውን ከተዉትም በኋላ አይለቅም።»

አጎቷ ወደ አልጋው ዞረ።

«ጋሼ?» አለ አጎቷ።

«ጎማውን ዝጋ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለ አባቷ። «በምን አፌ ልንገርህ?»

አጎቷ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እጁን ገልብጦ መዳፉን ሲያይ ቆየና ወደ እሷ ዞረ።

«እሙዬ፣ አሁን ብተወው እድናለሁ?»

«አዎ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም» አለች። «ሰኞ ሐኪሙን እንጠይቀዋለን። አብሬህ እገባለሁ።»

«ትምህርትሽስ?»

«የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይለፈኝ። ብቻህን ከገባህ ጉንፋን ነው ብለህ ነው የምትወጣው።»

ሰኞ ጠዋት የሐኪሙ በር ሲከፈት አጎቷ ወደ ኋላ ቀረት አለ። እሷ ቀድማው ገባች።