ሁሉንም «አለ» የሚለው ፕሮግራም

«ድመት አለ» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ድምቢጥ ዓይኗን አላመነችም። ድመት የሚለውን ቃል የጻፈችው ገና አሁን ነው። ዝሆን ብላ ሞከረች፤ ዝሆንም አለ። ቀጭኔም አለ። ከአንበሳ በቀር ምንም ያልገባለት ፕሮግራም የዱሩን አውሬ በሙሉ አውቃለሁ እያለ ነው።

«የታለ? ማን አስገባው?» አለች፣ ኮምፒውተሩ የሚመልስላት ይመስል።

«ትናንት እኮ ይሠራ ነበር» አለ ቱርቦ።

ቱርቦ በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ አብሯት የሚሠራ ጥንዷ ነው። ኪቦርድ ላይ ጣቶቹ ከፍጥነታቸው የተነሳ ስለማይታዩ ነው ቱርቦ የተባለው። እሷ ደግሞ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ትንሿ ስለሆነች ድምቢጥ ተባለች፤ ስሙን ያወጣላትም እሱ ራሱ ነው። ትናንት ፕሮግራሙን የሞከሩት ቃላቱን ኮዱ ውስጥ ጽፈው ስለነበር እንደ ሰዓት ሠርቶላቸው፣ ተሳስቀው ወደየቤታቸው ሄዱ። ከኪቦርድ ሲጻፍለት ምን እንደሚያደርግ ማየት ትዝ ያላቸው ዛሬ፣ ፈተናው ሊጀመር ሲል ነው።

የኮምፒውተር ክበቡ አባላት ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንዲሠሩ የታዘዙት ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። ፕሮግራሙ አንድ ቃል ሲሰጠው በፊደል ተራ ቦታውን ይፈልጋል፣ ከኋላ ያሉትን ገፋ ያደርግና መሀል ያስገባዋል። ያው ቃል ደግሞ ከመጣ «አለ» ብሎ ይመልሰዋል። ዛሬ ያልሠራለት ጥንድ ወንበሩን ለተጠባባቂ ይለቃል። ተጠባባቂዎቹ ከአሁኑ ኮሪደሩ ላይ ቆመው በመስኮት ያያሉ።

ድምቢጥን ያስፈራት ይህ ነው። ቱርቦ ቤቱ ኮምፒውተር አለው። እሷ ቤት ያለው ስክሪኑ የተሰነጠቀ የእናቷ ስልክ ብቻ ነው፤ እሱንም ታላቅ እህቷ ከእጇ አትለቀውም። ከዚህ ወንበር ከተነሳች ኮምፒውተር የምትነካበት ቦታ የላትም።

«ስሚ» አለ ቱርቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቲቸር ለሁሉም የሚሰጡት ሰሌዳው ላይ ያሉትን ነው። ጦጣ፣ አንበሳ፣ ድመት፣ ደግሞ ድመት፣ መጨረሻ ላይ ጅብ። ታዲያ ምን አስጨነቀን? አራተኛው ላይ ‹አለ› ይበል፣ ሌላው ላይ ‹ገባ› ይበል። ተራውን እኛው ጽፈን እናስቀምጥለታለን።»

«ቃሉን ሳያይ?»

«ማየት ምን ያደርግለታል?»

«ፎርጅድ ነዋ!»

«አቦ አታካብጂ። ኮዱን የሚሰበስቡት ነገ ነው። እስከዚያ በደንብ እንሠራዋለን።»

እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ቱርቦ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥሮ መጻፍ ጀመረ፣ ደወሉ ሳይደወልም ጨረሰ።

መምህርቷ ጥንዶቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ከፊት ባለው ኮምፒውተር ላይ ያሠሯቸዋል፤ ስክሪኑ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ስለሚታይ የሚደበቅ ነገር የለም። የነድምቢጥ ተራ ሲደርስ ቱርቦ አምስቱን ቃላት በአንድ ትንፋሽ ጻፋቸው። ገባ፣ ገባ፣ ገባ፣ አለ፣ ገባ። ከዚያም ቃላቱ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነውና በእንግሊዝኛው ተራ፣ አንበሳ በኤ፣ ድመት በዲ፣ ጅብ በጄ፣ ጦጣ በቲ፣ አምረው ተደረደሩ። ድምቢጥ መምህርቷ ስድስተኛ ቃል ቢጠይቁስ ብላ ሰጋች። አልጠየቁም።

«ጎበዞች» አሉ። «ቁጭ በሉ።»

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን አልሆነላትም።

ቀጥሎ የተጠሩት መንታዎቹ ናቸው። ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም ዝምተኞች። ታላቅየዋ ቀስ ብላ ጦጣን ጻፈች፤ ገባ። አንበሳን ጻፈች፤ አለ። ድመት፣ አለ። ድመት፣ አለ። ጅብ፣ አለ። የገቡትን እንዲያሳይ ስታዘው ግድግዳው ላይ አንድ ቃል ብቻ ወጣ። ጅብ።

«ጅቡ ሁሉንም ቅርጥፍ አድርጎ በላቸው!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ታናሽየዋ ፊቷ ቀላ። «ቲቸር፣ ጅብን እኮ ‹አለ› ብሎ አላስገባውም» አለች። «ያስገባው ጦጣን ነው። ጦጣ የት ሄደ?»

ድምቢጥ አልሳቀችም። ጥያቄው አንጎሏ ውስጥ ገብቶ ተሽከረከረ። ጦጣ የት ሄደ? ከኪቦርድ የሚመጣ ቃል ሁሉ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው። ተራው ውስጥ የገባው ደግሞ ቃሉ ራሱ ሳይሆን የዚያ ቦታ አድራሻ ነው። አዲስ ቃል እዚያው፣ በቀድሞው ላይ ይጻፋል። ፕሮግራሙ የነበረውን ሊያይ ወደ አድራሻው ሲሄድ የሚያገኘው አዲሱን ቃል ነው፤ ስለዚህ «አለ» ይላል። የተከራዩን ስም ትቶ የቤት ቁጥሩን ብቻ የያዘ ሰው ማለት ነው፤ ተከራዩ ቢለወጥ በምን ያውቃል? ትናንት የሠራው ኮዱ ውስጥ የተጻፈ እያንዳንዱ ቃል የየራሱ ቦታ ስለነበረው ነው።

«ቱርቦ!» አለች በሹክሹክታ። «መገልበጥ ነበረብን! ለእያንዳንዱ ቃል የራሱን ቦታ ሰጥተን እዚያ መገልበጥ!»

«አሁን ገና? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» ሳቀ ቱርቦ። «ግን አሪፍ ነው። ማታ ቤት አስተካክለዋለሁ። ነገ ቲቸር የሚያዩት የሚሠራውን ነው። አለቀ ደቀቀ።»

እውነቱን ነው፤ ማንም አያውቅም። ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚጨመረው።

መምህርቷ መንታዎቹን ሲያሰናብቱ እሳቸውም ደስ አላላቸውም። «ደንብ ነው፣ ልጆቼ» አሉ። «ለሚቀጥለው ተርም ትመዘገባላችሁ።» መንታዎቹ ቦርሳቸውን አንስተው ሲወጡ ታላቅየዋ ድምቢጥ አጠገብ ቆም አለች።

«እናንተ እንዴት አድርጋችሁት ነው?» አለች። ቅናት የለባትም፣ ማወቅ ፈልጋ ነው። «እኛ ሌሊቱን ሁሉ አስበን አልመጣልንም።»

ድምቢጥ «በኋላ...» አለች። ልጅቷ አንገቷን ነቅንቃ ወጣች።

ድምቢጥ አፈረች። እንዲህ አፍራ አታውቅም። ፈራችም፤ እጇ ኪቦርዱ ላይ እንዳረፈ ነበርና ቁልፎቹ ከጣቶቿ ሥር ይሰሟታል፤ ከተናገረች ግን ዳግም አትነካቸውም። ከዚያ ተነሳች።

«የት ነው?» አለ ቱርቦ። «ድምቢጥ፣ የት ነው? እንዳታብጂ!»

መምህርቷ ጠረጴዛ ጋ ደረሰች። ቀና ብለው አዩዋት።

«ቲቸር፣ የኛም ልክ እንደ መንታዎቹ ነው። ያሳየነው... ቃሉን አያይም። ዝም ብሎ ነው የሚያሳየው።»

መምህርቷ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ አንገቱን የደፋውን ቱርቦን አዩ። «ዛሬ ባትነግሪኝ ላላውቅ እችል ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«ደንቡንም ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር።»

ቦርሳዋን ልትወስድ ስትመለስ ቱርቦ ቀና ብሎ አላያትም። «ጉድ ሠራሽኝ» አለ ብቻ። ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ እሱ ግን ቦርሳውን አንግቦ ቀድሟት ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ሁለት ተጠባባቂዎች እየተገፋፉ በአጠገቧ አልፈው ገቡ። ወዲያው በመስኮቱ በኩል የወንበሯ ሲጥ ማለት ተሰማት፣ ቀጥሎም የኪቦርዱ ቀጭ ቀጭ። መንታዎቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ሄዳ ከመሀላቸው ገባች፤ መስኮቱን እንዳታይ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች።

«የኛም ያው ነበር» አለች። «ጦጣ የት እንደሄደ ግን ደርሼበታለሁ። እስክሪብቶ አላችሁ?»

ታናሽየዋ አንዴ ድምቢጥን፣ አንዴ እህቷን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች።