አብረን ነው የመጣነው

አባቷ መኪናውን ከፋርማሲው ጀርባ ሲያቆም ቃሪያ አንገቷን አስግጋ መንገዱን ቃኘች። ማንም አልነበረም።

«በሩ ድረስ ባደርስሽ ምን አለበት?» አላት።

«እዚህ ይሻለኛል፣ አባዬ።»

በምላሷ ምክንያት ቃሪያ የሚሏት ይህች ልጅ የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ክበብ ሊቀመንበር ናት። ስለ መኪና ጭስ ተናግራ «በእግራችን እንምጣ» ስትል ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ፤ ብዙዎቹም በእግራቸው መምጣት ጀመሩ። የተናገረችው ከልቧ ነበር። ግን መካኒኩ አባቷ ማታ የሚገባው እሷ ከተኛች በኋላ ነው። የሚያወሩት ጠዋት መኪና ውስጥ ብቻ ነው። ጋራዡ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሆንም እሷን ማድረስ አንድ ቀን እንኳ ሰልችቶት አያውቅም።

ጥጉን ስትታጠፍ ከጉጉት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። በትልቅ መነጽሯ ምክንያት ጉጉት የሚሏት የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ቤቷም ከሁሉም ይርቃል። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። የሚሄደውን መኪና አየች፣ ቃሪያን አየች፣ አልፋት ሄደች።

ክፍል ውስጥ መምህሩ «ዛሬስ በእግሩ የመጣ?» ሲሉ የቃሪያ እጅ አልነሳ አላት።

«እኛ አብረን ነው የመጣነው፣ ቲቸር» አለች ጉጉት።

በእረፍት ሰዓት ቃሪያ ጥግ ይዛ ጠየቀቻት። «ለምን ዋሸሽልኝ?»

«ታዲያ ላስበላሽ?» ጉጉት መነጽሯን በሹራቧ ጠረገች። «ዳገቱ እኮ ይገድላል። ሁልጊዜ እዛ ስደርስ በቃ ታክሲ ልያዝ እላለሁ። ከዛ አንቺም እየሄድሽ ነው ብዬ እቀጥላለሁ። ሌሎቹም እንደዛው ናቸው። አንቺ ከተነቃብሽ ነገ ማን በእግሩ ይመጣል?»

ቃሪያን ጉጉት ብትሰድባት ይቀላት ነበር።

በማግስቱ መኪናው ወደ ፋርማሲው ሊታጠፍ ሲል «ቀጥ በል፣ አባዬ። በሩ ድረስ» አለችው።

አባቷ ገረመው፤ ግን ነዳ። በሩ ላይ ሲቆሙ አንዱ ተማሪ «እንዴ፣ ሊቀመንበሯ!» ብሎ አፏጨ። የቃሪያ ፊት ጋለ።

«ከነገ ጀምሮ ከጉጉት ጋር በእግሬ ልመጣ ነው» አለችው አባቷን።

አባቷ መሪውን እንደያዘ ዞሮ አያት። «ታዲያ እኔና አንቺ መቼ ልናወራ ነው?»

«ማታ ሳልተኛ እጠብቅሃለሁ።»

ወረደች። ሁሉም እያያት ነበር። ወደ ግቢው አልገባችም፤ ጉጉትን ልትቀበል ወደ ዳገቱ አመራች።