ሆዷ ያልተበየደው ቺፕ

«ይሄ ስልክ ይድናል?»

«እንደ አያያዙ ነው።»

የመለያው ቃል ገጠመ። ምስጥ የሚባለው ጠጋኝ ከመጠገኛ ጠረጴዛው ቀና ብሎ መልእክተኛውን አየው። የደኅንነት መሥሪያ ቤታቸው «ሙሽራው» የሚል የምስጢር ስም ሰጥቶታል፤ ሰውየው ስሙን ለማስከበር ይመስል ለስለላ ሽቶ ተቀብቶ መጥቷል። በር ላይ የቆመውን ዘበኛ እንኳ አስነጥሶታል።

ስልኩ ሽፋን ሥር ከጥፍር የምታንስ ቺፕ አለች።

ዘበኛው የነጋዴው ነው። ነጋዴው ሲሉት ጨው የሚሸጥ ይመስላል፤ የሚሸጠው ግን ሰው ነው። ልጆችን ጭነት መኪና ላይ ሸራ ሥር አጭቆ ድንበር ያሻግራል። እሱ በትንሿ መኪና ፊት ፊት እየሄደ፣ ኬላ ካየ በሬዲዮ ያስጠነቅቃል። ዛሬም ይጓዛል። የመናገሪያ ቁልፉ ተጣብቆ ለጥገና የመጣው ሬዲዮኑ አሁን ምስጥ ፊት ተዘርግፏል፤ የራሱ ቺፕ ተነቅላለች። የሙሽራው ቺፕ በቦታዋ ከገባች መሥሪያ ቤቱ እያንዳንዱን ቃል ይሰማል።

ምስጥ ቺፕዋን በወረንጦ ገልብጦ በማጉያ መነጽር አያት።

እጁ ቆመ።

እንዲህ ያለች ቺፕ በጎኗ ካሉት ጥቃቅን እግሮች ሌላ ሆዷ ላይ ሰፊ ብረት አላት፤ ሙቀቷን የምታስተነፍሰው በእሱ ነው። የአዲስ ቺፕ ሆድ ልሙጥ ነው። ይህቺ ግን የሊድ፣ የመበየጃው ቀላጭ ብረት፣ ጠባሳ አለባት። በይዶ የነቀላት ሰው አለ። ሞክሯታል።

ከነጋዴው ሰዎች በቀር ማን ይሞክራታል?

«ቶሎ በላ ጌታው!» አለ ሙሽራው በሩን በሩን እያየ። ላቡ ሽቶውን አሸንፎታል።

ሸጦኛል፣ አለ ምስጥ በልቡ። መሸጡስ ይሁን። ሊዱን እንኳ ሳይጠርግ! ክህደትም ሙያ ይጠይቃል።

የሙሽራው ዓይን በሩ ላይ ሳለ ቺፕዋን ስልኩ ሽፋን ሥር መልሶ ከተታት።

«ስልክህን ያዝ። ተቀመጥ፣ እየሠራሁ ነው።»

የሬዲዮኑን የቀድሞ ቺፕ አነሳ። ከሆዷም፣ ከሥሯ ካለው ሰሌዳም ሊዱን በመዳብ ፈትል መጥጦ አደረቀው። ሙቅ አየር ነፋ። እንደ ደንቡ ቢሆን የሆዷ ሊድ ሲቀልጥ ቺፕዋ ትንሳፈፋለች፤ በወረንጦ ገፋ ሲያደርጓት ራሷ ቦታዋ ትመለሳለች። ይህቺ ንቅንቅ አላለችም። እግሮቿን ብቻ በየዳቸው። አንጸባረቁ፤ ያየ ይመርቃል። የሆዷ ሙቀት ግን መውጫ የለውም፤ ለሰላምታ ትበቃለች፣ ለረጅም ወሬ ግን ትቃጠላለች። ነጋዴው ደግሞ አጭር ወሬ አያውቅም።

በሩ ተበረገደ።

ዘበኛውን በሬው ይሉታል፤ በሬ ቢሰማ ይቀየማል።

«የታለች?»

«ማን?»

«እሱ ጋ ናት ወንድሜ፣ በእጄ ሰጥቼዋለሁ!» አለ ሙሽራው።

በሬው የጋለውን መበየጃ አንስቶ የምስጥ ቀኝ እጅ ላይ ተጫነ።

ሥጋ ጨሰ።

«የታለች?»

«ቁልፍ ነው የጠገንኩት ጋሼ! ቁልፍ!»

በሬው ቤቱን በረበረ። የሬዲዮኑን ቺፕ በስልኩ ከያዘው ፎቶ ጋር አስተያየ። የራሳቸው ናት። ወደ ሙሽራው ዞረ።

«እኔ'ኮ የእናንተ ነኝ!»

«የማንም ሁን። እጅ ወደ ላይ!»

የስልኩ ሽፋን ተፈለቀቀ። ቺፕዋ ጠብ አለች።

«አሃ! ለሁለት ወገን ልትሸጣት?»

ሙሽራውን ጎትቶ ሲያወጣው አንድ ጫማ ቀረ። ተመልሶ ምስጥ በግራ እጁ የከደነውን ሬዲዮ አነሳ።

«ሄሎ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል» አለ ከወዲያ ያለው ሾፌር። በሬው ረካ።

ሬዲዮኑ እጁ የገባው ነጋዴ ዳገቱን እስኪጨርስ የጭነት መኪናውን ሾፌር በሬዲዮ ሲሰድብ ሄደ። የስድብ እጥረት የለበትም። ኬላውን ሲያይ ቁልፉን ተጫነ።

ዝም።

ቢመታው፣ ቢያራግፈው፣ በእናቱ ቢሰድበው፣ ዝም። ጭነት መኪናው እየተንገዳገደ መጥቶ ፖሊሶቹ እግር ሥር ቆመ። ሸራው ሲገለጥ ልጆቹ በብርሃኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ግሩም ሥራ!» አለው የምስጥ አለቃ በስልክ። «እጅህ ሲድን ሌላ ቦታ...»

«አይድንም። ሁለቱ ጣቶች ወረንጦ አይዙም። ሙሽራውን የመረጠው ማን ነው?»

«እየተጣራ ነው።»

«እርስዎ ነዎት።»

ስልኩ ተዘጋ።

ምስጥ ሲም ካርዱን ሰብሮ ጣለና አውቶቡስ ተሳፈረ፤ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ። አጠገቡ የተቀመጡት አሮጊት አዩት።

«ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ሥራ የለኝም እማማ።»

«አይዞህ። እጅ ካለ ሥራ አይጠፋም።»

«አሜን እማማ» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።