ከቀርከሃው ሥር የተቀበረው

«ኢንስፔክተር፣ ዛሬ ካልደረሱልኝ ሁለተኛ ሬሳ እናነሣለን» አለ ሳጅን ነጋ፣ ከአዲስ ቅዳም ጣቢያ፣ ቅዳሜ ጧት በስልክ።

የመጀመሪያዋ ሬሳ ማናለብሽ ነበረች። የሃያ ሦስት ዓመት ሴት፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር። ሐሙስ ጧት በእናቷ ቤት ደም ፈሷት ሞተች። ልጇ ግን ተርፏል፤ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትዕግስት ከደረቷ ለጥፋ በባጃጅ እንጅባራ ሆስፒታል አድርሳዋለች። የሟች ወንድም አየነው «እህቴን ረግጦ የገደላት ባሏ ነው» ብሎ ከሷል። ባልየው ክንዴ ታስሯል። አየነው ግን በእስር አልረካም፤ ዛሬ ሠልስቱ ላይ ቆሞ «ሕግ ቢለቀው እኔ አልለቀውም» ብሎ በሰው ፊት ምሏል። ክላሹንም ከትከሻው አላወረደም።

ኢንስፔክተር ሶስና ከእንጅባራ ወዲያው ተነሣች። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ስድስት ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበረች። ለምን እንደተወችው ሲጠይቋት «ሌሊት መነሣት ሰለቸኝ» ትላለች፤ ፖሊስ ሌሊት የማይነሣ ይመስል። ደግሞ የጠየቃት ሰው የለም።

ክንዴን ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኮራምቶ አገኘችው። እጁ ከሰል በማክሰል ጠቁሯል፤ እንባውን በዚያው እጁ ጠርጎ ፊቱንም አጥቁሮታል።

«መታሃት?»

«አልመታኋትም።»

«ማክሰኞ ተጩኋል። ጎረቤት ሰምቷል።»

«እጇን ጎትቻለሁ፣ አልክድም። ልወስዳት ነበር የሄድኩ። እናቷ በሌላው እጇ ያዟት። መሐል ሆና ደጃፉ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። አየነው ያን ጊዜ ደረሰ።»

«ከእናቷ ቤት ምን ትሠራ ነበር?»

«የበኩር ልጅ የሚወለድ በእናት ቤት ነው። ወጉ ነው። ወሯ እየገፋ ሲመጣ ወስደዋት ነበር።»

«ታዲያ አንተ ምን አስቸኮለህ?»

ክንዴ ወደ ሳጅኑ ጠረጴዛ ጠቆመ። ሲያዝ ከኪሱ ከወጡት ዕቃዎች መካከል አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አለ፤ ዳንግላ ካለ ክሊኒክ የተሰጠ የአልትራሳውንድ ውጤት።

«ወንድ ነው ሴት ለማወቅ ነበር የሄድነው» አለ። «እነሱ ሌላ ነገር ነገሩን። እንግዴ ልጁ ወርዶ ማሕፀኗ አፍ ላይ ተቀምጧል አሉን። ደም ካየች ውላችሁ እንዳታድሩ፣ ማንም እጁን እንዳያስገባባት አሉ። እሑድ ደም አየች። በስልክ ነገረችኝ፣ እየሳቀች። ‹ምንም አላመመኝ፣ አትደናገጥ› አለችኝ። እንጅባራ እናቶች ማቆያ አልጋ ለመንኩላት። ሐሙስ ጧት ሞቷን ያረዱኝ እዚያው ነው፤ አልጋውን ለሌላ እንዳይሰጡባት ልለምን ሄጄ።»

ሶስና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ቀዘቀዟት። እንዲህ ሲያደርጋት አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከኪሷ ውስጥ ከታ ጨበጠቻቸው።

«ነጻ ያወጣዋል?» አለ ነጋ ወደ መኪናው ሲሄዱ።

«አያወጣውም። ወረቀቱ እንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ ይናገራል፤ ማን እንደነካው አይናገርም። ክንዴን አስከትለው፣ ግን እኔ እስክጠራህ ከመኪናው እንዳይወርድ።»

የልቅሶው ድንኳን ከሟች እናት ደጅ ተተክሏል። ከበስተጀርባው ቀርከሃው ነፋስ ባገኘው ቁጥር ይንሾካሾካል። አየነው ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ሐኪሙ ሬሳዋን ሲያይ ሆዷ በልዞ ነበር። ራሱ ጽፎታል፤ ምን ትፈልጊ... ምን ይፈልጋሉ ከዚህ በላይ?»

«የት በኩል ነው የበለዘው?»

«በግራም በቀኝም።»

«ሲረግጣት በዓይንህ አየህ?»

«ወድቃ አይቻታለሁ። ይበቃኛል።»

«በማግሥቱ፣ ረቡዕ፣ እንዴት ዋለች?»

አየነው መልሱ ራሱን ያስደነገጠው ይመስል ዘገየ። «ደኅና ነበረች። ምስር ስትለቅም ዋለች። ስታንጎራጉር ሰምቻታለሁ» አለና ፊቱን አዞረ።

ትዕግስትን ከአጥሩ ጥግ ለብቻዋ አነጋገረቻት። ልጅቷ እንቅልፍ ካጣች ሦስት ቀኗ ነው።

«ስደርስ ልጁ ወጥቷል፣ እንግዴ ልጁም ተከትሎ ወርዷል። ደሙ ግን ይንዠቀዠቃል፤ ቀይ፣ ትኩስ። ክኒን ሰጠኋት፣ ሆዷን ተጫንኩ፣ አልቆመም። አምቡላንስ ልጠራ ብል ኔትወርክ የለም።»

«ሆዷ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር? ያማት ነበር?»

«ልጁ ከመውጣቱ በፊትም ብዙ አልጮኸችም ብለውኛል እናቷ። እኔን ‹አያመኝም እኮ፤ ለምን ታለቅሻለሽ?› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።»

ትዕግስት የሟችን ቀሚስ ለፖሊስ ብላ በፌስታል ቋጥራ አስቀምጣ ነበር። ሶስና ዘረጋችው። ታችኛው ወገን በደም ደርቋል። ከሆዷ ላይ የሚያርፈው ግን ደም አልነካውም፤ ሰፊ የቅባት ወዝ ነው ያለበት። አስጠግታ አሸተተችው፤ ለጋ ቅቤ ነው።

የሟች እናት ወይዘሮ የሻረግ ከድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠዋል። የአካባቢው ሰው ግማሹ የተወለደው በእሳቸው እጅ ነው። ጎረቤታቸው እህል እያጎረሰቻቸው ነበር፤ ቀኝ እጃቸው ከነጠላቸው ሥር ተደብቋል።

«እጅዎን አሞዎት ነው እማማ?»

«አላመመኝም።»

«ወደ አፍዋ አላስጠጋው ብላ ነው» አለች ጎረቤቲቱ ቀስ ብላ። «ከሐሙስ ጀምሮ።»

ሶስና አጠገባቸው ቁጭ አለች። «ሐሙስ ጧት ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

«እኔና እሷ። አየነው እርሻ ወርዶ ነበር።»

«መቼ ነው የነኳት?»

«ደሙ ከወረደ በኋላ ነው ልጄ፣ ምጡ ድንገት ሲመጣ፣ ልጁን ልቀበል። ከዚያ በፊት እጄን አላሳረፍኩባትም። ማክሰኞ ወደቀች፣ ሐሙስ ደማች። የማውቀው ይህን ነው።»

«ወሯ ገና ነው። ከደሙ በፊት ምጥም አልያዛትም። አላሳሰበዎትም ነበር?»

«ልጁ ተጋድሞ ነበራ። ራሱ አልወረደም ነበር፤ እሱ ነው ያሳሰበኝ።»

ሶስና ማስታወሻዋን ዘጋች። «እንግዴ ልጁን የት ቀበራችሁት?»

አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «ከጓሮ፣ ከቀርከሃው ሥር። ተይው ልጄ። የልጁ ግማሽ እዚያ ነው። ካነሣሽው አይበረክትም።»

«አይቼው እመልሰዋለሁ። በእጄ እቀብረዋለሁ።»

ነጋ ቆፈረ። አፈሩ ቀዝቃዛ ነው፤ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው እንደተቀበረ ነበር። ሶስና ጓንቷን አጥልቃ በባልዲ ውኃ አጠበችው፤ ስታጥብ የሕፃን ገላ የምታጥብ ያህል ተጠንቅቃ ነው። በስተጀርባው ገለበጠችው። ከዚያ ልጁን የሸፈነውን ስስ ከረጢት ዘርግታ የተቀደደበትን ፈለገች። ቀዳዳውን ስታገኝ ፊቷ ደኅና ነበር። ጠርዙ ላይ ያለውን ሌላ ነገር ስታይ ግን ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ነጋ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራ።

«ሁሉንም ጥራቸው» አለች በመጨረሻ። «ክንዴንም አውርደው።»

ክንዴ በሁለት ፖሊስ መሐል ሲገባ ድንኳኑ ተንጫጫ። አየነው ክላሹን ከትከሻው አወረደ። ሶስና ሄዳ ከሁለቱ መሐል ቆመች።

«ሰምተኸኝ ከዚያ የፈለግከውን አድርግ» አለችው። «እንግዴ ልጅ ጥራጊ አይደለም። ማሕፀን ውስጥ የልጁ ሳንባም ጨጓራም እሱ ነው። ከእናቱ ማሕፀን ተለጥፎ ከደሟ ምግብና አየር እየቀዳ በእትብቱ ይልክለታል። ለዚህ ነው ሲላቀቅ እናትየዋ የምትደማው። ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ወደ ላይ፣ ከጣራው ነው። እርግጫ ከጣራው ቢያላቅቀው ሆድ ይደርቃል፣ ሴቲቱ በሕመም ትጮሃለች፣ ደሙ ከኋላው ረግቶ ያጎደጉደዋል። ጀርባውን አጥቤ አየሁት፤ ጉድጓድ የለበትም። ማናለብሽም አልጮኸችም። ረቡዕ ስታንጎራጉር የሰማሃት አንተ ነህ።»

«ታዲያ በምን ደማች?»

«የእሷ የተለጠፈው ከታች፣ በሩ ላይ ነው። የዳንግላው ወረቀት እንዲህ ይላል፤ እኔም አረጋግጫለሁ። ልጁ ቀዶት የሚወጣው ከረጢት የሚቀደደው በሩ ጋ ነው፤ የእሷ የተቀደደው ከእንግዴ ልጁ ጠርዝ ጥግ ነው። እንዲህ ያለው ሳያም፣ ሳያስጠነቅቅ፣ ቀይ ደም ያደማል። እሑድ ትንሽ ደማች፤ ክንዴ የጎተታት ለዚያ ነው። ሊያድናት ነበር።»

ክንዴ በታሰረ እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«ሆዷስ? የበለዘውስ?» አለ አየነው። ድምፁ ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም።

«የእርግጫ በለዝ አንድ ቦታ ነው። ይህ በግራም በቀኝም ነው፤ ሐኪሙ የጣት ጫፍ የሚያህል ብሎታል። ቀሚሷ ላይ ለጋ ቅቤ አለ። አንድ ሰው ልጁን ሊያቃና ሆዷን አሽቷል።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ ልጁ መጋደሙን ወረቀቱ አይናገርም። በሩን እንግዴ ልጁ ሲዘጋበት ልጅ ይጋደማል፣ እውነትዎን ነው። ግን ሆድ ሳይዳብሱ በምን አወቁ?»

ወይዘሮ የሻረግ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ከነጠላው ሥር ያለው እጅ ተንቀሳቀሰ።

«ማሸቱ ብቻውን አይደለም። ከእንግዴ ልጁ ጠርዝ ላይ ሁለት ጣት የገባበት ቀዳዳ አለ።»

አየነው ወደ እናቱ ቀኝ እጅ አየ። የሚያየው ነገር የገባው ቆይቶ ነው፤ ሲገባው ክላሹን ተመርኩዞ ቁጭ አለ።

ሶስና ከአሮጊቷ ፊት ተንበረከከች። ድምፅዋን ዝቅ ብታደርግም ድንኳኑ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማት።

«የልጁን ራስ ፈልገው ነበር እጅዎን የሰደዱ። እጅዎ ምን ነካ?»

«ጉበት» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። «እንደ ጉበት ለስላሳ። ከሥሩ ራሱ ይኖራል ብዬ ገፋሁት። ከዚያ እጄን ሞቀኝ። እስከ ክርኔ ሞቀኝ።» በአገውኛ አንድ ነገር ለራሳቸው አጉተመተሙ። «ነግራኝ ነበር። ‹እማ፣ እጅ አይግባ ብለዋል› አለችኝ። አገሩን የተቀበለ እጅ የገዛ ልጄን ሊጎዳ ነው ወይ አልኳት። ሆስፒታል ሆዷን ይቀዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ሳቀችብኝና ተኛችልኝ።»

«እማ» አለ አየነው። «ሰው ልታስገድዪኝ ነበር።»

«አፌ እምቢ አለኝ ልጄ። ዛሬ እናገራለሁ ስል፣ አንተ ስትምል ሰማሁ፤ የባሰ ፈራሁ።»

ሶስና ቀኝ እጇን ከኪሷ አወጣች። «ያን ጉበት አውቀዋለሁ» አለች። «አዋላጅ ሳለሁ አንዲት ሴት እየደማች መጣች። ምህረቴ ነበር ስሟ። ተምሬያለሁ፣ የደማች ሴት በአልትራሳውንድ ሳትታይ እጅ እንደማይገባ አውቃለሁ። ግን ቸኮልኩ፤ ሁለት ጣቴን አስገባሁ። እስከ ዛሬ ከጣቴ አልለቀቀችኝም። ሰኞ ጣቢያ መጥተው ቃልዎን ይሰጣሉ፤ የሰማሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። አብሬዎት ግን እቀመጣለሁ።»

የክንዴ እጅ ተፈታ። አየነው የክላሹን የጥይት ካርታ ነቅሎ ለነጋ ሰጠ፣ ጋቢውንም አውልቆ ከክንዴ ትከሻ ላይ ጣለው። «ለልጁ» አለ። ሶስና ከጓሮ ሄዳ ቃል እንደገባችው እንግዴ ልጁን በጨርቁ ጠቅልላ መልሳ ቀበረችው፤ አፈሩንም በቀኝ እጇ ደለደለችው።

ስትመለስ ክንዴ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው ባጃጅ ላይ ወጥቷል። ሆስፒታሉ ልጁ ከደረት ተለጥፎ እንዲሞቅ ይፈልጋል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያቀፉት ነርሶች ናቸው። ወይዘሮ የሻረግ በሰው ተደግፈው እስከ አጥሩ ደረሱ። ቀኝ እጃቸውን ከነጠላው ሥር አውጥተው ከባጃጁ ብረት አጠገብ አቆሙት፤ አልነኩትም።

«ክንዴ፣ ልጁን ልንካው?»

ክንዴ እጃቸውን ረዥም ጊዜ አየው። ዕድሜውን ሙሉ ሕፃን የተቀበለ ቀጭን እጅ ነው።

«ዛሬ አይሁን፣ እማማ» አለ፤ ባጃጁም ተነሣ።