መጸዳጃ ቤቱ የት ይሁን?

ክብሪትን ወንበር ሰጧት እንጂ አፍ አልሰጧትም። እጇን እንዳወጣች ክንዷ ዛለ፤ የሊቀ መንበሩ ዓይን ግን በእሷ ላይ አልፎ ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ ያያል። ወጣቶችን ወክላ በአዲሱ ፓርክ ኮሚቴ ውስጥ ትግባ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የካርቶን ሞዴል የሠራችውም እሷው ናት። ቀጭን ስለሆነችና ቶሎ ቱግ ስለምትል ሰፈሩ በሙሉ «ክብሪት» ይላታል፤ ዛሬ ግን እስካሁን ችላ ተቀምጣለች።

ሞዴሉ በቤቶቹ መሃል ያለውን ባዶ መሬት ያሳያል። ዛፎቹ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ ፏፏቴው የጠርሙስ ክዳን፣ መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ላጲስ ነው።

በፏፏቴው ማንም አልተጣላም። ዛፉም፣ መብራቱም፣ የሕፃናቱ ዥዋዥዌም ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተወሰነ። ላጲሱ ጋ ሲደረስ ግን የሰዉ ሁሉ ፊት ተለዋወጠ።

«መጸዳጃ ቤትማ የግድ ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሰው እኮ ሰው ነው። ብቻ ከሱቄ ፊት ለፊት አይሁን።» ላጲሱን በጣቱ ጫፍ ገፍቶ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት አስጠጋው።

«ኧረ በሞቴ! ደንበኛዬ ቀሚስ ስትለካ አፍንጫዋን ትያዝልህ?» ልብስ ሰፊዋ ከሊቀ መንበሩ አጥር ሥር ወሰደችው።

«እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ባለቤቴ ናት አስም ያለባት።» እያዘኑ ወደ ክብሪት ቤት ገፉት።

የክብሪት ሴት አያትም የኮሚቴው አባል ናቸው። ይህን ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እንዴት እንዴት ነው? ሰው ሁሉ አልፈልግም ያለውን ለእኔ? እኔ ቤቴን የሠራሁት ይህ መሬት ቁጥቋጦ ሳለ ነው። በስተርጅናዬ የሽንት ቤት ዘበኛ ልሁንላችሁ?» ብለው ላጲሱን ፏፏቴው ውስጥ ዶሉት።

የሳቀ ሳቀ። ፓርኩን የምትነድፈው መሐንዲስ ግን አልሳቀችም፤ ግንባሯን በእጇ ያዘች።

«እባካችሁ! ጉድጓዱ ዝግ ነው፤ ማስተንፈሻ ቱቦ አለው፤ በደንብ ከተያዘ አይሸትም። ከአራቱ ጥግ የትኛውም ይሆናል፤ አንዱን ብቻ ንገሩኝ። ንድፉን ዛሬ ካላስረከብኩ ግንባታው አይጀመርም።»

ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው መጸዳጃውን ለሁለተኛው ምዕራፍ እናቆየው።»

ክፍሉ እፎይ አለ። የክብሪት ደም ግን ፈላ። ሁለተኛው ምዕራፍ! የትምህርት ቤታቸው የሴቶች መጸዳጃም ለሁለተኛው ምዕራፍ ተብሎ ነው የቀረው፤ ላም አለኝ በሰማይ። እሷ ጠዋት ውሃ መጠጣት ትታለች፤ ከሰዓት ከንፈሯ ደርቆ ይሰነጠቃል። አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋማ የወር አበባዋ ሲመጣ ጭራሽ ከቤት አትወጣም።

ፈቃድ መጠበቅ በቃት። እጇን አወረደችና ተነሳች። ላጲሱን ከፏፏቴው አውጥታ በራሳቸው ቤት ጎን፣ እሷ ከምትተኛበት መስኮት አጠገብ አስቀመጠችው።

«እዚህ ይሁን።»

«ምን አልሽ?» አሉ አያቷ። «አንቺ ልጅ፣ ያምሻል? ቤቱ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው እማማ። መስኮቱ ግን የኔ ነው። ከሸተተም መጀመሪያ የሚሸተው እኔን ነው።»

«ጉድ በሉ! አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ሰው ፊት ታዋርደኝ?»

ክብሪት ልትመልስ አፏን ስትከፍት ዓይኗ አያቷ ፊት ባለው የውሃ ጠርሙስ ላይ አረፈ። የሌላው ሰው ሁሉ ባዶ ነው፤ የእሳቸው ክዳኑ እንኳ አልተነካም። ሰው ቤት ሲሄዱም እንዲሁ ናቸው፤ «አልጠማኝም» ይላሉ። እሷ ኩራት ይመስላት ነበር።

ጎንበስ ብላ በጆሯቸው፣ ማንም እንዳይሰማ፣ «እማማ፣ ውሃውን ለምን አልጠጣሽም?» አለቻቸው።

አያቷ ጠርሙሱን አዩት፤ ቀጥሎ እሷን አዩ።

«ወሬኛ!» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ለክፍሉ ሁሉ ለቀቁት። «ምን ታፈጡብኛላችሁ? እኔም ወደ ጎረቤት መግፋት አቅቶኝ አይደለም፤ እናንተን ማየት ሰልችቶኝ ነው። እዚያው ይቀመጥ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ፀጉር አስተካካዩ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ።

«ተወሰነ!» አሉ ሊቀ መንበሩ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ። «ወጣት ማለት እንዲህ ነው! የበሩን፣ የውሃውን ነገር፣ ዝርዝሩን እንግዲህ በሁለተኛው ምዕራፍ…»

ክብሪት አልተቀመጠችም። ወደ መሐንዲሷ ዞረች።

«ኢንጂነር፣ የሴቶቹ በር ለብቻው ይሁን፤ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ውሃ ያለው። አሁኑኑ ይሳሉት፣ እያየሁ። እርስዎም ጋሼ፣ ወረቀትዎን ያስቀምጡና ከንድፉ ሥር ይፈርሙ። ሳይፈርሙ ከዚህ ክፍል ማንም አይወጣም።»

ይህን ብላ ወንበሯን ጎትታ በሩ ላይ ተቀመጠች።