በስም የተሸፈነው ጥላ

ኅዳር ስምንት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሀዋሳ በባጃጅ ጡሩንባ ተናወጠች፤ ሐይቁ ብቻ አመድ መስሎ ዝም ብሎ ተኝቶ ነበር። በባህል አዳራሽ አጠገብ ባለች አንዲት የጥርስ ክሊኒክም፣ በድምፅ መስጫው ቀን ትዘጋለች መባሉን የሰማ ሁሉ ጉንጩን ይዞ ይጋፋ ነበርና፣ የራጅ ባለሙያው ማርቆስ ቀና ለማለት ጊዜ አላገኘም፤ ፊልም ያነሣል፣ የታማሚውን ስም የጻፈባትን ወረቀት ከፊልሙ ጥግ ይለጥፋል። ልማዱ ነበር፤ ስም ከሌለ ፊልም ይቀያየራል።

ከተጋፉት አንዷ ወይዘሮ ብዙነሽ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር መሪ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ድምፃቸው ከአጥር ማዶ የሚታወቅ። ያመማቸው ጥርስ ተነቀለ፤ ፊልሙን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሁለት ዓመት አለፈ፤ ወረርሽኝ መጣ፣ አዳራሾች ተዘግተው ተከፈቱ። ወይዘሮ ብዙነሽ ግራ መንጋጋቸው አብጦ ሲመለሱ፣ አዲሱ ፊልም አጥንቱ እንደ ሳሙና አረፋ መቦርቦሩን አሳየ።

«የቀድሞው ፊልም አለዎት?» አሉ ሐኪሙ ዶክተር ዮሴፍ።

«እንዴታ! ከጋብቻ ወረቀቴ ጋር ነው ያስቀመጥኩት።»

ማርቆስ ፊልሙን ሲቀበል የገዛ ጽሕፈቱን ዐወቀ። ወረቀቷ ከግራ መንጋጋው ጥግ ላይ ነበረች። በጥፍሩ ላጣት፤ ከሥሯ ሽምብራ የምታህል ጥቁር ጉድጓድ ብቅ አለች። ያኔ ብትታይ ተጠርጋ የምትቀር ነበረች። ዶክተሩ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የታመመው መንጋጋ እንዲወጣ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ሪፈር ይጽፋሉ፤ ወረቀቷን መልሶ ቢለጥፋት ማን ያየው ነበር?

«እትዬ፣ ሕመሙ ያን ጊዜም ነበር» አለ። «የሸፈንኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ብዙነሽ ፊልሙን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት።

«በገዛ ስሜ? እኔ ደግሞ ጽሕፈትህ አምሮኝ ለጎረቤት ሁሉ አሳይቼዋለሁ!» አሉና ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «መንጋጋው ከወጣ መዘመር ይቻላል?»

«መጀመሪያ ይዳኑ፣ እትዬ።»

«አይ ዶክተር! እኔ የጠየቅሁዎ ሌላ፣ እርስዎ የሚመልሱልኝ ሌላ።»

ግማሽ መንጋጋቸውን አዲስ አበባ ትተው ተመለሱ። እሑድ እሑድ ከኳየሩ ኋላ ይቀመጣሉ፤ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምቱን ይከተላል እንጂ አፋቸው አይከፈትም። ማርቆስም ከዚያ ወዲህ ስም የሚጽፈው ፊልሙ በሚከተትበት ፖስታ ላይ ነው።

ያን ኅዳር የሚያነሣ ሁሉ ሰልፉንና ውጤቱን ያወሳል፤ ተገቢም ነው። ሁለት ጣት የማትሞላው ወረቀት ግን በየትም መዝገብ የለችም፤ በማርቆስ መሳቢያ ውስጥ ናት፤ የተጻፈባት ስም እስከ ዛሬ አልደበዘዘም።