ሁለት ጊዜ የተሰማው ዜማ

«አሁንም እዚያው ቦታ ላይ ተደናቀፍሽ» አሉ የፒያኖ መምህሩ፣ የእርሳሳቸውን ጫፍ ኖታው ላይ አሳርፈው። «ጣቶችሽ ይሯሯጣሉ እንጂ አይጫወቱም። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ደግሞ ነገ ነው።»

ሚጣ እጆቿን ከፒያኖው አንስታ ጭኗ ላይ ጣል አደረገቻቸው። ቀኝ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ዝሏል። ይህን ፈጣን ሙዚቃ መለማመድ ከጀመረች ወር አልፏታል፤ አንድም ቀን ግን ሳትሰናከል ጨርሳው አታውቅም።

«እኔን የሚገርመኝ» ቀጠሉ መምህሩ፣ «ያን የምሥራቁን ዜማ ለምን እንደተውሽው ነው። ላንቺ ተለክቶ የተሰፋ ይመስል ነበር።»

«ፈታኞቹ ዝግ ያለ ሙዚቃ አይቀበሉም ተባለ እኮ፣ ጋሼ።»

«ማነው ያለው?»

«ቀዮ ናት የነገረችኝ። ከእርስዎ ሰምታ...»

መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። «ከእኔ? እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም። እንዲያውም ቀዮ ራሷ ነገ የምትጫወተው እሱን ነው። አልነገረችሽም እንዴ?»

ሚጣ ኖታዎቿን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተሰናብታ ወጣች።

መንገዱን ሁሉ ስታስበው ሄደች። እሷና ቀዮ ከዜማው ጋር የተዋወቁት አብረው ሲማሩ ነበር። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ መምህሩ ፒያኖው ጋ ተቀምጠው፣ «ይህን የደረሰው ሰው በወጣትነቱ በምሥራቅ አገሮች ብዙ ዞሯል። ገበሬዎች ሲያጭዱ የሚያንጎራጉሩትን፣ መነኮሳት ሲጸልዩ የሚያዜሙትን በጆሮው ይዞ መጥቶ ለፒያኖ አዘጋጀው» አሏቸውና ተጫወቱላቸው። ግራ እጅ አንድ ወፍራም ድምፅ ይዞ አይለቅም። ቀኝ እጅ ከላይ ሆኖ እንደሚጸልይ ሰው ይናገራል፤ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ያንኑ ቃል ትንሽ ለወጥ አድርጎ ይደግመዋል። ያን ቀን ቀዮ፣ «ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ የእንቅልፍ መድኃኒት?» ብላ ስቃ ነበር። ሚጣ አልሳቀችም። ቤት እስክትደርስ ድረስ ለብቻዋ ስታንጎራጉረው ነበር የሄደችው።

አሁን ያቺው ቀዮ ዜማውን ወስዳባታለች። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የሚቀበለው ጥቂት ተማሪ ብቻ ነው።

ቤት ስትደርስ አክስቷ ለሥራ እየለበሰች ነበር። አክስቷ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ሚጣን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ስትሆን፣ ቀን ቀን የምትተኛውም ሚጣ የምትለማመድበት ኪቦርድ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው።

«ምነው ፊትሽ? ዝናብ ያዘለ ደመና መስለሻል» አለች አክስቷ።

ሚጣ ነገሩን ከሥሩ ነገረቻት። «ሸወደችኝ፣ አክስቴ። ወር ሙሉ ጣቴ እስኪላጥ ስለፋ እያየችኝ፣ በርቺ ትለኝ ነበር እኮ። ነገ ለፈታኞቹ እናገርባታለሁ።»

«የቀዮን ነገር ታስቢበታለሽ፤ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ያንቺን እንይ። የትኛውን ብትጫወቺ ነው ዛሬ እንቅልፍ የሚወስድሽ?»

«እሱማ የድሮውን።»

«እኔንም» አለች አክስቷ። «ያን ስትለማመጂ ደህና አድርጌ ነበር የምተኛው። ይኼኛው የመጣ ጊዜ ዶሮ ቤት ውስጥ የተኛሁ ነው የመሰለኝ።»

ሚጣ ሳትፈልግ ሳቀች። ኪቦርዱ ጋ ተቀመጠች። ግራ እጇ ወፍራሙን ድምፅ ሲያገኘው፣ ቀኝ እጇ ምንም ሳትጠይቀው ተከተለ። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ተጠራጠረች፤ ሆኖም ዜማው ራሱ እየመራ አሳለፋት። ስትጨርስ ቀና ብላ አየች። አክስቷ አንድ እግሯን ብቻ ተጫምታ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ዘገየሽ እኮ» አለቻት ሚጣ።

«አውቃለሁ» አለች አክስቷ፣ ሌላውን ጫማ እየፈለገች።

በማግስቱ ጠዋት ተፈታኞቹ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ በር ላይ ተሰብስበዋል። ሚጣ መምህሩን ፈልጋ አገኘቻቸው። «ጋሼ፣ ሁለት ሰው አንድ ሙዚቃ መጫወት ክልክል ነው?»

«ክልክልስ አይደለም። ፈታኞቹ ሁለት ጊዜ ይሰሙታል፤ በቃ።»

«እንግዲያው ወደ ድሮዬ ልመለስ።»

መምህሩ በያዙት የተፈታኞች ዝርዝር ላይ በእርሳሳቸው የፈጣኑን ሙዚቃ ስም ሰርዘው ሌላ ጻፉ። ቀዮ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ ወረቀት መሰለ። ሚጣ አየቻትና አልፋት ገባች።

አዳራሹ ውስጥ ተፈታኞቹ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቀዮ ከሚጣ ቀድማ ተጠራች። አጀማመሯ ጥሩ ነበር፤ እንዲያውም ሚጣ ከጠበቀችው በላይ። ደርሶ ደርሶ ግን ቀኝ እጅ ዝም የሚልበት ቦታ መጣ። ወፍራሙ ድምፅ ብቻውን ይቆያል፤ ከዚያ ጸሎቱ ከሌላ ቦታ፣ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ቀዮ አልጀመረችም።

መጀመሪያ ላይ ዝምታው የሙዚቃው አካል መሰለ። ከዚያ እየረዘመ ሄደ። የግራው ድምፅም ቀጥኖ ጠፋ። ከፈታኞቹ አንዱ ተመቻችቶ ሲቀመጥ ወንበሩ ተንቋቋ።

ሚጣ ውስጥ አንድ ነገር «የእጅሽን አገኘሽ» አለ። እውነት ለመናገር ደስም ብሏት ነበር። ግን ዓይኗ የቀዮ ጀርባ ላይ አረፈ። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተጠግቷል፤ ቀኝ እጇ ፒያኖው ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቀርቷል። የሚቀጥለው ቃል ሚጣ ጉሮሮ ውስጥ ነበር። ዝም ማለት ትችላለች። ማንም አይወቅሳትም።

አፏን ሳትከፍት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አንጎራጎረችው።

መካከል የተቀመጡት ሽበታም ሴት ፈታኝ ዞር ብለው ከኋላ ያሉትን ተመለከቱ። በዚያው ቅጽበት የቀዮ እጅ ወረደ። ድምፁን ያዘች፤ ቀጠለች፤ እስከ መጨረሻው ተጫወተችው።

የሚጣ ተራ ሲደርስ ሽበታሟ ፈታኝ ሚጣን ገና ሳትቀመጥ አስቆሟት። «ቅድም ያንጎራጎርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ፈተና ላይ እንዲህ አይደረግም። ታውቂያለሽ?»

«አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ፈታኟ ወደ ፒያኖው አመለከቱ። «በይ አሁን በእጅሽ አሰሚን» አሏት።

ሚጣ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ብዙም አታስታውስም። የምታስታውሰው ክንዷ እንዳልዛለ ነው፤ የዝምታው ቦታ ሲመጣ ደግሞ እንዳልፈራችው።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ውጤት ይዘው ወጡ። ሚጣ አልፋለች። ቀዮ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሙዚቃ ይዛ እንድትመለስ ተወስኗል። ሚጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ወር ሙሉ አምቃ የያዘችው ትንፋሽ ያኔ ወጣላት። አክስቷ ጋ ደወለች። አክስቷ በእንቅልፍ ድምፅ፣ «ተመስገን፣ የኔ ሚጣ። በይ አሁን ልተኛበት» ብላ ዘጋች።

ቀዮ ከኋላዋ መጥታ ቆመች። «ለምን አንጎራጎርሽልኝ?»

«እኔ እንጃ። ዝምታው ረዘመብኝ።»

«ዋሽቼሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ እያለሽ እኔን ማን ይሰማኛል ብዬ ነው። መጀመሪያ የሳቅሁበትም ስላልገባኝ ነው፤ በኋላ ግን ካንቺ እየሰማሁ ወደድኩት።» ቀዮ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ይቅርታ።»

ሚጣ «ምንም አይደለም» አላለችም፤ ምንም አልነበረምና። ቦርሳዋን አንግታ ተነሳችና ከግቢው ወጣች። ሰፈራቸው አንድ ስለሆነ ቀዮም በዚያው መንገድ ተከተለች፤ ሳትቀድማት፣ ደርሳባትም ሳታወራት፣ ራቅ ብላ።

መታጠፊያው ጋ ሚጣ እርምጃዋን ቀነስ አደረገች። ዞር ሳትል፣ «ለሳምንት የትኛውን ልትጫወቺ ነው?» አለች።